ስንጥቅ የለባቸውም ተብለው ስለተረከብኳቸው ስድስት ሪዶች

ለተከበሩ የንብረት ግዢና ርክክብ ክፍል ኃላፊ፤
ሁለተኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ «ሳያንኳኩ አይግቡ» የሚል የተለጠፈበት ቢሮ።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ ደህና ነው? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው? ጆሮዎንስ እንዴት ያደርግዎታል? የጆሮዎን ነገር ለይቼ መጠየቄ በክፋት አይደለም፤ እንዲያው የሰው ጤና ስለሚያሳስበኝ ነው። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ሳንባዬ በተለይ ድንቅ ነው፤ ሐኪሙ ሳይቀር ሲያዳምጠኝ «ምንድነው የምትሠራው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ይሄን ደብዳቤ ሠራተኛው ሁሉ በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። እርስዎ ትናንት ሰኞ ጠዋት እዚሁ ሰሌዳ ላይ ባለ ማኅተም ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ለተጻፈለት ነገር መልስ መስጠት ደግሞ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ማስታወቂያዎ «ቅዳሜ በተካሄደው ኮንሰርት የኦቦው ድምፅ አዳራሹን ሊያስደምም የቻለው ኮሚቴያችን በጥንቃቄ መርጦ ባቀረበው ጥራቱን የጠበቀ ሪድ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። የነፋው ሰው ስም የት ጋ እንደገባ ፈልጌ አጣሁት፤ ምናልባት ማኅተሙ አርፎበት ይሆናል።

የነፋሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ ተጣልተን አይደለም፣ ተግባብተን ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ኦቦ ላይ ግን በዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣና ይንፋ። አይመጣም። ይሄን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ጉራዬ እንኳን ከዚህ ይበልጣል።

ሰሌዳው ጋ ቆሞ ለሚያነበውና ኦቦን ለማያውቀው ወገኔ በአጭሩ ላስረዳ። ኮንሰርት ሊጀመር ሲል ሁሉም ጭጭ ይልና አንድ ረጅም ድምፅ ብቻውን ይሰማል አይደል? ባለ ቫዮሊኑም ባለ ጥሩምባውም መሣሪያውን ከዚያ ድምፅ ጋር ያስተካክላል። ያ ድምፅ ከእኔ ነው የሚወጣው። ስልሳ ሰው ከእኔ ትንፋሽ ይነሳል፤ እኔ ከተንሻፈፍኩ ስልሳ ሰው አብሮኝ ይንሻፈፋል። ድምፁ ደግሞ የሚወለደው ኦቦ ከምንለው ጥቁር የእንጨት ቱቦ አይደለም፣ አናቱ ላይ ከምትሰካው የሸምበቆ ቁራጭ ነው። ሪድ እንላታለን። ሁለት ስስ የሸምበቆ ልጣጮች ፊትና ፊት ተገጥመው ትንሽ ቱቦ ላይ በክር ይታሰራሉ፤ ጫፋቸው ላይ በሁለቱ መሃል ለዓይን የምታስቸግር ክፍተት አለች። ትንፋሽ በዚያች ይገባል፣ ልጣጮቹ ይርገበገባሉ፣ በቃ። ይቺን ክፍተት አደራ እንዳይረሷት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ወንበሬ ከእኔ በፊት ሠላሳ ዓመት የጋሽ ቢላዋ ነበር። ጋሽ ቢላዋ የምንላቸው የሪድ መቅረጫ ቢላዋ ከእጃቸው ስለማይለይ ነው፤ ለራሳቸውም ለእኔም እየቀረጹ ኖሩ። ከጡረታ በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ መቅረጽ አልችልም፤ ሞክሬ የቀረጽኩት አውራ ጣቴን ነው። ስለዚህ ተሠርቶ የሚሸጠውን መጠቀም ግድ ሆነ። የተገዛ ሪድ ደግሞ እንደ ወንድማማች ነው፤ ከአንድ ቤት ወጥቶ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያኮርፋል። እኔ የሚዘፍነውን ከሚያኮርፈው መለየት ነው የተማርኩት፤ ለመማር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ጎበዝ ሆኜ።

ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ያለችኝ አንዲት ሪድ አርጅታ ሁለት ጊዜ አዋርዳኛለች። አንደኛ ጊዜ ድምፄ ወረደ። ሁለተኛ ጊዜ የወጣውን ድምፅ እንኳን ልጽፈው ላስበውም አልወድ፤ ከጎኔ ወፍራም ድምፅ ያለውን ረጅሙን ፋጎት የምትነፋው እኅቴ እስካሁን ስታየኝ አፍንጫዋን ትይዛለች። የኦርኬስትራው መሪ ቢሮ ጠሩኝና «ሦስተኛ ከደገምክ መነሻውን ድምፅ ክላርኔት ይሰጣል፣ የኦቦ መደብ ይታጠፋል፣ አንተም ወደ ንብረት ክፍል ትዛወራለህ» አሉኝ። ወደ ንብረት ክፍል! ክቡር ሆይ፣ ወደ እርስዎ! ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጠፋ።

በዚህ ምክንያት ነበር ደጅዎ የመጣሁት። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ሱቁ ሄጄ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ፣ ነፍቼ ልምረጥ። እርስዎም «ተጠቃሚው ራሱ ከመረጠ አድልዎ ይፈጠራል» ብለው አስተማሩኝ። እውነትዎን ነው፤ ለሚዘፍነው አደላ ነበር። አርባ ሪድ በአንድ ካርቶን አስመጥተው፣ የማይሆነው ለሻጩ ይመለሳል ብለው፣ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አንድ ከጋራዥ፣ አንድ ከሒሳብ፣ አንድ ከጥበቃ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌ በትሕትና አቀርባለሁ። በቁጥር ያደረግኩት እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ ነው።

፩ኛ፤ ቅጹ። የጥራት መመርመሪያ ቅጹ ባለፈው ዓመት ለሠራተኛ መዝናኛው ኩባያ ሲገዛ የተዘጋጀው ነው። አይቼዋለሁ። «ጆሮው ያልተሰበረ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛችሁታል፤ ሪድ ጆሮ እንደሌለው ማስተዋላችሁ አስደስቶኛል። «ስንጥቅ የሌለው» የሚለውን ግን ተዋችሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ጥበቃው ነው፣ እየሳቀ ሳይሆን እያዘነ። የጋራዡ ጋሼ ሊቀመንበር ናቸው፤ የመጀመሪያዋን ሪድ አንሥተው በባትሪ አዩዋትና «ኧረ ይቺ ተሰንጥቃለች!» አሉ። ሁለተኛዋን አነሡ፤ «ይቺም!» ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ «ይሄ ሻጭ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ብርሃን እኮ በመሃሏ ያልፋል! ሁሉንም ሰንጥቆ ነው እንዴ የሸጠልን?» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። የጋራዡን ጋሼ አልቀየምም፤ ጎማ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስንጥቅ ካለፋቸው ሰው ይሞታል። እሳቸው ስንጥቅ ያሏት ግን ያቺው አደራ ያልኩዎት ክፍተት ናት። ሠላሳ አራቱ አፍ ስላላቸው «ተሰንጥቆ የመጣ» ተብለው ወደቁ። ጫፋቸው ተጣብቆ ትንፋሽ የማያስገቡት ስድስቱ አለፉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እናንተ ለጥራት መለኪያ አደረጋችሁት።

ከወደቁት አንዷን ለማስረጃ ፋይሉ ላይ በክሊፕ አያያዛችኋት፤ ከጎኗም በቀይ እስክሪብቶ «የጉድለት ማሳያ ቁጥር አንድ» ተብሎ ተጻፈ። ሠላሳ ሦስቱ ካርቶን ውስጥ ታሽገው ነገ ረቡዕ ወደ ሻጩ ይመለሳሉ። ነገ! ይሄንንም እንዳይረሱ።

፪ኛ፤ ደረቅ ምርመራ። ከሒሳብ ክፍል የመጡት እትዬ «ኧረ ልጁን ጠርተን እንዴት እንደሚሞከር አንጠይቀውም?» ብለው ነበር። እግዜር ይስጣቸው፤ ከመላው ኮሚቴ ጆሮ ያላቸው እሳቸው ናቸው። እርስዎ ግን በሩ ላይ ብቅ ብለው «ውሃ የነካው ዕቃ አይመለስም፣ አፍ የነካውማ ጭራሽ!» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ሪድን ደረቋን ዓይቶ መምረጥ ሙሽራን በመታወቂያ ፎቶ መምረጥ ነው። ለወደፊቱ እንዲጠቅምዎ አሠራሩን በነፃ ልንገርዎ፤ ጋሽ ቢላዋ እኔን ያስተማሩኝ ግን በነፃ አልነበረም፣ በኩርኩም ነው።

መጀመሪያ ሪዷን ወደ መስኮት ያነሷታል። ሁለቱ ልጣጮች እኩል ናቸው? አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ አይደለም? ጫፏን ያዩና፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ዓይን ያህል ገርበብ ብላ ከተከፈተች ጥሩ ነው፤ ፈጥጣ ካየችዎት ከባድ ናት፣ ጨርሳ ከጨፈነች ሞታለች። ቀጥለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያቆዩአታል፤ ሻይ ውስጥ አይደለም። ከዚያ የታችኛውን ቀዳዳ በጣትዎ ደፍነው ይነፋሉ፤ በጎኗ አየር ካፈተለከ ይተዋታል። ቀጥሎ ብቻዋን አፍዎ ላይ አድርገው ይነፏታል፤ እንደ ተቆጣ ዳክዬ መጮህ አለባት። ካልጮኸች ኦቦው ላይ ብትሰካም አትናገርም፤ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። በመጨረሻ ኦቦው ላይ ሰክተው ዝቅተኛውን ድምፅ በለሆሳስ ይሞክራሉ፤ መጮህ ማንም ይችላል፣ በለሆሳስ መናገር ነው ችሎታው። ከዚያም አይቸኩሉም። ያሳድሯትና ነገ ይደግማሉ። የዛሬዋ ጎበዝ ነገ ታኮርፋለችና።

ይሄ ሁሉ ለአርባ ሪድ ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት አይበልጥም ነበር። እናንተ በባትሪ በሃያ ደቂቃ ጨረሳችሁት። ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ።

፫ኛ፤ ክሩ። ሻጮች ሪዷ የታሰረችበትን ክር በቀለም ይለያሉ፤ አንዱ ቀለም ለስላሳ ማለት ነው፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ጠንካራ። እርስዎ ግን «የመሥሪያ ቤት ዕቃ ወጥነት ይኑረው» ብለው ሁሉም ባለ ቀይ ክር እንዲሆኑ አዘዙ፤ ሻጩም ምን ቸገረው፣ ለስላሳውንም ጠንካራውንም በቀይ አስሮ ሰደደ። ምርጫው በጨለማ ሆነ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ስለዚህ ቀይ ክር ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

፬ኛ፤ ስድስቱ። ሐሙስ ዕለት እንደ ወርቅ በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። ይዣቸው በቀጥታ ጋሽ ቢላዋ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ባያይም ከንፈራቸው ያያል። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሳይነሡ አንዷን ከንፈራቸው መሃል አስገቡና ወዲያው አወጧት። «ልጄ፣ ይሄ በር አይደለም፣ ግድግዳ ነው» አሉኝ። ሁለተኛዋ ላይ «ይሄም ግድግዳ።» አራተኛዋ ላይ «ቤት ልትሠራ ነው እንዴ?» ብለው ስቀው ነበር፤ ስድስተኛዋ ላይ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ፖስታው ውስጥ መለሷትና «ቅዳሜ እኔም ልመጣ ነበር እኮ» አሉ። ወንበሩ የእሳቸውም ነው ብዬዎታለሁ። ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር በኩባያ ቅጽ ምክንያት ሲታጠፍ ሊሰሙ ነበር የሚመጡት።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ነክሬ ጎናቸውን ጫን ጫን እያደረግኩ አፋቸውን ልከፍት ሞከርኩ። ሁለቱ ተሰነጠቁ። አሁን በትክክል ተሰንጥቀዋል፤ የጋራዡን ጋሼ ይጥሩልኝና ላሳያቸው፣ ስንጥቅ ማለት ይሄ ነው። ሦስቱ እንደ ማንቆርቆሪያ አፏጩ። አንዷ ጭራሽ እስትንፋስም አላስገባች፤ ድንጋይ።

፭ኛ፤ ዓርብ። ይሄ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ዓርብ ጠዋት ካርቶኑ እንዲከፈትልኝ ልለምን ቢሮዎ መጣሁ። ቆሜ ለመንኩዎት፤ እኔ እኮ ሰው የማልለምን ልጅ ነኝ። «የታሸገ አይከፈትም» አሉ። «አንዷን ብቻ» አልኩ። «አንተ ልጅ፣ ሕግ አንዷን ብቻ አያውቅም» አሉና፣ ስድስት ጥራት ያላቸው ሪዶች በምርጥ ሁኔታ ተረክቤያለሁ የሚለውን ወረቀት ዘረጉልኝ። ፈረምኩ። ማኅተሙ ግን መሳቢያው ውስጥ አልነበረም። እርስዎ «እዚሁ ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ» ብለው ማኅተም ፍለጋ ወጡ። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ጠረጴዛው ላይ ፋይሉ ተዘርግቶ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ለዚያ ሃያ ደቂቃ ውለታዎን ምን ጊዜም አልረሳም። ብቻዬን መሆኔ ለማሰላሰል ጊዜ ሰጠኝ።

፮ኛ፤ ቅዳሜ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ ቢላዋን ልጃቸው ደግፋ አምጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣቸዋለች። እርስዎ ፊት ረድፍ፣ ከረቫትዎ ቀጥ ብሏል። ክላርኔቱ ወንድሜ፣ ድምፄ ቢበላሽ ቶሎ ሊተካኝ ታዝዞ፣ መሣሪያውን አፉ ጋ አድርጎ በጎን እያየኝ ነው። «አይዞህ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን «ንብረት ክፍል ስትሄድ ጥሩ ወንበር ላክልኝ» ይላል። መሪው ወደ እኔ አገጫቸውን ነቀነቁ። ስልሳ ሰው ጭጭ አለ። ነፋሁ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ፤ ሆኖም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምን እንደሰሙ ልንገርዎ። ድምፁ ቀጥ ብሎ ወጣ። አልወረደም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ አላፏጨም። ባለ ፋጎቷ እኅቴ አፍንጫዋን ልትይዝ ያነሣችውን እጅ መለሰችው። ክላርኔቱ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ስልሳ ሰው ተከትሎኝ ተነሳ። መሃል ላይ ደግሞ ያ ረጅሙ፣ ብቻዬን የምነፋው ዜማ አለ አይደል? እሱን እንዴት እንደነፋሁት ራሴ ብናገር ስለማያምርብኝ አልናገርም። ግሩም ነበር።

ሲጨበጨብ እኔ ልነሣ ስል እርስዎ ቀድመው ከፊት ረድፍ ተነሡ፣ ዞር ብለውም ለሕዝቡ እጅ ነሱ። እኔም ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ለታላቅ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው።

ሕዝቡ ሲወጣ ጋሽ ቢላዋ መዳፋቸውን ዘርግተው «ወዲህ በላት» አሉኝ። ሪዷን ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው ጫፏን ዳበሷት፣ ከንፈራቸው ላይ አደረጓት፣ ትንሽ ነፉባት። ያ እጃቸው ለአንድ አፍታ አልተንቀጠቀጠም። «ይቺን ማን መረጣት?» አሉ። «ኮሚቴው» አልኳቸው። ከዚያ እንዴት እንደሆነ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ልጃቸው ምን ሆኑብኝ ብላ ደነገጠች።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄው። መሪው «ወንበርህ አለ፤ የወሩ መጨረሻ ኮንሰርት ላይም እንዲሁ እሰማሃለሁ» ብለውኛል። የአንድ ሪድ ዕድሜ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ናት፤ የወር መጨረሻን አታይም። ሠላሳ ሦስቱ ባለ አፎች ነገ ከተመለሱ በእጄ የሚቀሩት ግድግዳዎች ናቸው። ስለዚህ ካርቶኑ ዛሬ ይከፈት። አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይሰጠኝ። ኮሚቴውም ከፈለገ አጠገቤ ተቀምጦ ይታዘብ፤ የሒሳቧን እትዬ ውሃውን ይዘው ቢያግዙኝ ደስ ይለኛል። የጋራዡንም ጋሼ አስነፋቸዋለሁ። እርስዎንም።

የባትሪዎ ብርሃን አይደብዝዝ፣ ማኅተምዎ ከመሳቢያው አይጥፋ፣ ቅጽዎም ከኩባያ ወደ ሪድ፣ ከሪድም ወደ ፒያኖ እየተሸጋገረ ለሁላችን ይድረስ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ፤

ስሙ ማስታወቂያዎ ላይ ያልተጻፈው፣
ስልሳ ሰው የሚያስነሣው፣
የእርስዎ ታዛዥ ኦቦ ነፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋይልዎን ገልጠው «የጉድለት ማሳያ ቁጥር አንድ» የሚለውን እንዲያዩ በአክብሮት አሳስባለሁ። ክሊፑ ላይ ያለችው ባለ ቀይ ክር ሪድ ምንም ስንጥቅ የለባትም፤ ከስድስቱ ያቺ ድንጋይዋ ናት። ዓርብ እርስዎ ማኅተም ሲፈልጉ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሁሉም ቀይ ለባሽ ስለሆኑ እስካሁን የለየ የለም። እውነተኛዋ ማሳያ ቅዳሜ ተነሥተው እጅ የነሱላት ናት። እንዳይከሱኝ ደግሞ ጥራቷን ሰኞ በማኅተም መስክረዋል፤ ማስታወቂያው ይኸው ከጎኔ ተለጥፏል። ነገ ካርቶኑን መልሰው ሻጩ «ጉድለቱ የታለ?» ቢልዎት አይጨነቁ፤ አንድ ሰው ልከው ይጥሩኝ። ኦቦዬን ይዤ እመጣና ጉድለቱን እነፋለታለሁ።